«ከስምምነቱ ወጥቻለሁ»፦ ስለ ኒውክሌር ውል ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር አንዲት እህታችን ጀበና ቡና ታፈላለች። ማታ ከከተማ ስንመለስ በርጩማ ስበን እንቀመጣለን። የኢራንና የአሜሪካ ነገር ሲነሳ እጣኑን ከሰሉ ላይ ጣል አድርጋ እሷም ታዳምጣለች። ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ነዳጅ ሲወደድ የታክሲ ሂሳባችን ይጨምራል። ስለዚህ ስናወራው በትክክል ብናወራው ደስ ይለኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት «አሜሪካ ከኢራን የኒውክሌር ውል የወጣችው ኢራን ውሉን ስላፈረሰች ነው» ማለት ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቪየና ላይ ሲደረስ ኢራን ዩራኒየም ከ3.67 በመቶ በላይ ላታበለጽግ (ለኃይል ወይም ለቦምብ የሚሆነውን ክፍሉን ላታበዛ)፣ ከ300 ኪሎ በላይም ላታከማች ተስማማች። በምላሹ ማዕቀብ ተነሳላት። ዶናልድ ትራምፕ ሜይ 8 ቀን 2018 መውጣታቸውን ሲያውጁ፣ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች ኢራን ገደቡን እያከበረች መሆኗን ደጋግመው ሪፖርት አድርገው ነበር። የትራምፕ ቅሬታ ውሉ ራሱ ላይ ነበር። ዋና ዋና ገደቦቹ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ የሚያበቁ ነበሩ። ሚሳይል አይነካም ነበር። ኢራን በአካባቢው የምትደግፋቸውን ታጣቂዎችም አይነካም ነበር። «ውሉን አፍርሰሃል» እና «ውሉ አይበቃኝም» የተለያዩ ክሶች ናቸው። ሁለተኛው ትክክል ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ከመጀመሪያው ጋር መቀላቀል ግን ሰውን ያሳስታል።

የአገር ቤት ፖለቲካንም እንረሳለን። ውሉ የኦባማ ነበር። የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወደሚጠይቀው ሴኔት እንደ ትሪቲ (ሴኔቱ እንደሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ውል) አልቀረበም። እድራችን ውስጥ ጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀውን አዲስ ሊቀመንበር ብቻውን አይሽረውም፤ የቀድሞው ሊቀመንበር በራሱ የተስማማውን ግን ይተወዋል። ትራምፕም በምርጫ ቅስቀሳቸው ውሉን ሲያወግዙ ነው የከረሙት።

ሌላው «መውጣት ሕገ ወጥ ነው» የሚለው ነው። የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት ራሱ፣ አንቀጽ 10 ላይ በር አለው። ልዩ ሁኔታ ከፍተኛ ጥቅሜን አደጋ ላይ ጥሎታል የሚል አገር የሦስት ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል። እዚህ ላይ ሰሜን ኮሪያን ሳናይ አንለፍ። በ1993 መጀመሪያ ተቆጣጣሪዎቹ ዮንግብዮን በሚባለው የኒውክሌር ማዕከሏ ያሉ ሁለት ቦታዎችን እንይ አሉ። ማርች ላይ ሰሜን ኮሪያ ወጥቻለሁ አለች። ሦስት ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው መውጣቱን አቆመችው። ጃንዋሪ 10 ቀን 2003 እንደገና ወጥቻለሁ አለች፤ የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ነገ ይጸናል ብላ። በኦክቶበር 2006 የመጀመሪያ ቦምቧን ሞከረች። በይፋ የሰጠችው ምክንያት የአሜሪካ ዛቻ ነበር። ፍርሃቱን ሐሰት ነው አልልም፤ በ2002 ፕሬዚዳንት ቡሽ ከኢራቅና ከኢራን ጋር «የክፋት ዛቢያ» ውስጥ መድበዋታል። ነገር ግን ከተቆጣጣሪ ዓይን መሸሽም አብሮ ነበር። አንድ መንግሥት ሲወጣ የሚናገረውን ምክንያትና ከመውጣቱ የሚያገኘውን ጥቅም ለየብቻ መዝኑ።

ቃላቱን አለማደባለቅም ያስፈልጋል። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2023 ኒው ስታርትን (ከአሜሪካ ጋር የኒውክሌር መሣሪያ ቁጥር የገደቡበትን ውል) ለጊዜው ያገደችው እንጂ የወጣችበት አይደለም። ሕንድ፣ ፓኪስታንና እስራኤል ደግሞ ያን መሣሪያው እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን የ1968ቱን ስምምነት አልፈረሙም፤ ስለዚህ አልወጡም።

የመጨረሻው ስህተት ወሬውን በመውጫው ቀን ማቆም ነው። ኢራን አሜሪካ ከወጣች በኋላ አንድ ዓመት ያህል ጠበቀች። ከ2019 ጀምሮ ገደቦቹን በየተራ ጣሰች። በ2021 ማበልጸጉን 60 በመቶ አደረሰችው። ለቦምብ የሚፈለገው 90 በመቶ ገደማ ነው።

ባለፈው አንድ ጎረቤታችን ሲኒውን አስቀምጦ «አፍሪካስ?» አለኝ። አፍሪካም የራሷ ውል አላት፤ አህጉሪቱን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት። በ1996 ካይሮ ላይ ተፈረመ፣ በ2009 ጸና፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። እሱም መውጫ አለው፤ ማስታወቂያው ግን አሥራ ሁለት ወር ነው። ደብዳቤው የሚገባው ደግሞ እዚሁ እኛ ከተማ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ሲኬድ ላለው ለአፍሪካ ኅብረት ነው።