ውሻችሁ የሰፈሩን ልጅ እንዳይነክስ ምን ማድረግ አለባችሁ?

ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው "ለምን ውሻ ታሳድጋለህ?" ቢባል መልሱ አጭር ነው። ማታ ጅብ ይወርዳል። ሌባም አይጠፋም። እኔም የማሳድገው ለዚሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ውሻ የጎረቤታችንን ልጅ ነከሰ። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ "ሂጂ፣ ቡና ደርሷል ኑ በያቸው" ብላ ልካት ነው የመጣችው። እንደ ልማዷ እጇን በበሩ ቀዳዳ አስገብታ መቀርቀሪያውን ልትከፍት ሞከረች። ሌላ ጊዜ ውሻው ቀን ቀን ታስሮ ይውላል። የዚያን ቀን ሁላችንም ስለወጣን ፈትተነው ነበር። ክንዷን ያዛት። ልጅቷ ወደ ቤቷ ሮጠች፣ "የሉም" አለች፣ የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ስባ ዝም አለች። እናቷ እንዳትቆጣት ፈርታ ሁለት ቀን ደበቀችው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቀዳዳውን አልደፈንኩም። ውሻው መቼ እንደሚፈታና እንደሚታሰር ለጎረቤት አልተናገርኩም። የዚያን ዓመት ክትባትም "ዛሬ ነገ" ስል አልፎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

1. ክትባቱን ቀጠሮ አታብዙበት

ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተባል። ከዓመት በኋላ ይደገምለታል። ከዚያ ቀጣዩን ጊዜ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግራችኋል። ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ነው። ወረቀቱን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት። በችግር ቀን መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ሰው ላይ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች ደግሞ ከ10 አራቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ አጭር ነውና ውሻው የሚደርሰው ፊቱና አንገቱ ላይ ነው። ንክሻው ለአንጎል በቀረበ ቁጥር በሽታው ቶሎ ይደርሳል።

የአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መዛመቱ ይቆማል። ስለዚህ የእናንተ ውሻ ብቻ መከተቡ አይበቃም። ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ ባለሙያውን በአንድ ቀን ወደ ሰፈር ጥሩት። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ይውላል፣ የመስቀል ማግስት። ለማስታወስ ቀላል ቀን ነው። እኛ እሱን ይዘናል።

2. በሩንና አጥሩን በልጅ ዓይን እዩት

"ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ይባላል። አጥር ላይ ስትደርሱ ተረቱን ቃል በቃል ውሰዱት። ውሻ የሚወጣበት ሽንቁር ልጅም እጁን የሚያስገባበት ነው።

ተንበርከኩና በሩን ከውጭ እዩት። ልጅ እጅ የሚገባበት ቀዳዳ ካለ በቆርቆሮ ወይም በጣውላ ድፈኑት። መቀርቀሪያውን ከፍ አድርጉት። ውጭ ላይ የሚጎተት ደወል ወይም ኳ ኳ የሚያደርግ ብረት አንጠልጥሉ። ቡና የሚጠራ ልጅ፣ እሳት ልትጭር የመጣች ልጅ፣ የእንጀራ ምጣድ ልትዋስ የመጣች ልጅ ሁሌም አለች። በኛ አገር የልጅ እግር ከጎረቤት ግቢ አይቀርም፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ደወሉን እንዲጠቀሙ አንድ በአንድ አሳዩአቸው። "ውሻው ታስሯል፣ ግቡ" እስኪባሉ ከውጭ ይጠብቁ።

"ከውሻ ተጠንቀቁ" የሚለውን ጽሑፍ ለጥፉ፣ ጥሩ ነው። ግን የአራት ዓመት ልጅ አያነብም። ጽሑፉ የመቀርቀሪያ ምትክ አይሆንም።

3. የሚፈታበትን ሰዓት አስቡበት

ብዙ ቤት ውሻ ቀን በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ደግሞ በሩ ተከፍቶ ወደ መንገድ ይለቀቃል። ሁለቱም ጥሩ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በአጭሩ የታሰረ ውሻ ይቆጣል፣ ይፈራል፣ የቀረበውን ይነክሳል። መንገድ ላይ ያደረ ውሻ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ሱብሂ ሊሰግዱ የሚወጡ አባትና ኪዳን ለማድረስ የሚሄዱ እናት ያገኙታል። ከዚያ በጉም ውስጥ ተማሪዎቹ ይመጣሉ።

ውሻው ማታ ይፈታ፣ ግን ግቢ ውስጥ ይፈታ። ቀን ማሰር ካለባችሁ ከጫፍ ጫፍ ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱ ሽቦው ላይ እንዲንሸራተት አድርጉ። እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ጥላና ውሃ አይጉደልበት። ማሰሪያው በር አጠገብ አይሁን።

"ኃይለኛ እንዲሆን" ብሎ ቡችላን ጨለማ ውስጥ የሚዘጋ፣ የሚመታም አለ። እባካችሁ ተዉት። ሰው ሳያይ ያደገ ውሻ ሌባና እንግዳ አይለይም። ቡችላው ገና የወራት ዕድሜ ላይ ሳለ የሰፈር ልጆችን፣ አዛውንቶችን፣ ባለ ከዘራውን፣ ጃንጥላ የያዘውን ይመልከት። እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ ማለቴ ነው። በእርጋታ ያደገ ውሻም ሌሊት ባዳ ሲመጣ ይጮሃል። መራባቱን ካልፈለጋችሁ አኮላሹት። ሴት ውሻ ተከትሎ መንገድ ለመንገድ መዞሩ ይቀንሳል።

4. የእርድ ቀን ሳንባና ጉበት አትወርውሩለት

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በአረፋም በፋሲካም በግ ስናርድ፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የምናገኝበት ጊዜ አለ። "ይህ አይበላም" ብለን ለውሻው እንወረውራለን። ያ ከረጢት የአንድ ትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ፣ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጣል። ከዚያ ከረጢቱ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ያለ ምልክት ሊያድግ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። የውሻውን የትል መድኃኒት በየ3 ወሩ ከእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ። ዓይነ ምድሩን በአካፋ እያነሳችሁ ቅበሩ። መብያው ለብቻው ይሁን። ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠብ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት የታወቀ ሥርዓት ነው። ውሻና የቤት ዕቃን መለየት ለሁላችንም ይበጃል።

5. ልጆቹን በጨዋታ አስተምሯቸው

ማስፈራራት አይጠቅምም። የፈራ ልጅ ይሮጣል፣ የሮጠውን ውሻ ያባርራል። ይልቅ እንዲህ አለማምዷቸው። ውሻ ሲመጣ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጅ ወደ ታች፣ ዓይን ወደ መሬት። ዓይን ዓይኑን አይዩት። ሲርቅ ቀስ ብለው ይሂዱ። ከጣላቸው ጥቅልል ብለው አንገትና ጆሯቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ። ልጆቹ ይህን እንደ ጨዋታ ይወዱታል።

የሚበላ፣ የተኛ፣ የታሰረና ቡችላ የምታጠባ ውሻ አይነካም። ድንጋይ አይወረወርም። ትናንት የተወገረ ውሻ ዛሬ የሚያገኘው ሌላ ልጅ ነው። ሕፃን ልጅን ከውሻ ጋር ብቻውን አትተዉ፣ የራሳችሁ ውሻ ቢሆንም።

ከሁሉ በላይ ይህን ንገሯቸው፦ "ውሻ ከነከሰህ ወይም ከቧጨረህ አልቆጣህም፤ ብቻ ወዲያው ንገረኝ።" ደጋግማችሁ ንገሯቸው። የጎረቤታችን ልጅ ይህን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቀን አይባክንም ነበር።

6. በቅሬው ተነጋገሩ

በኛ በወሎ ቅሬ፣ ማለትም እድሩ፣ ለቀብር ብቻ አይሰበሰብም። ክትባቱ፣ የሚፈታበት ሰዓት፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ጉዳይ እዚያ ቢነሳ ይደመጣል። ሕጉም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ አምልጦ ቢሆንም፣ ያልታሰበ ቢሆንም።

7. ከነከሰ

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ቧንቧው ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅባት ወይም ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ጭረቱ ትንሽ ቢመስልም ሂዱ። የሚሰጠው ክትባት በተለያዩ ቀናት የሚወሰድ ነውና አንዱንም አታቋርጡ። ዱዓም ጠበልም የሚከለክል የለም። ክትባቱን ግን አይተካም፣ ሊያዘገየውም አይገባም። ጊዜ አልፏል ብላችሁ ደግሞ አትቅሩ፤ ዘግይቶም ቢሆን መሄድ ይሻላል።

ውሻውን ባለቤቱ ካለ ወዲያው አትግደሉት። ታስሮ ወይም ተዘግቶ 10 ቀን ይታይ። ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መንጋጋው ከወረደ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ድንጋይና እንጨት ከነከሰ ወይም ዝም ብሎ ጨለማ ከፈለገ ለእንስሳት ጤና ባለሙያና ለልጁ ሐኪም ንገሩ። ከሞተ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ባለሙያ ይምጣ።

የኛን ውሻ ጠዋትና ማታ እያየን ቆጠርን። የልጅቷ አባት ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ ጎራ ይል ነበር። አልተቆጣም። በሩ ላይ ቆሞ "እንዴት ዋለ?" ይላል፣ እኔም "በልቷል፣ ጠጥቷል" እላለሁ። እሱም "አብሽር" ብሎኝ ይሄዳል። አሥሩ ቀን ሞልቶ ውሻው ደህና ነበር። በማግስቱ አስከተብኩት፣ ከክሊኒክ ስመለስ ቆርቆሮና ሚስማር ገዝቼ የበሩን ቀዳዳ ደፈንኩት።