የብረት ዛፍና ቅጠል ለምትሠሩ፦ ከብየዳው በፊት ሥሩን እዩ

ጎንደር ሆናችሁ ከቁርጥራጭ ብረት ዛፍ፣ ወፍ ወይ ቅጠል ለመሥራት የምትሞክሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብየዳውን ከማብራታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ፋሲል መዋኛ ሂዱ። ግንቡን ጨምድደው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ቁጭ ብላችሁ ሣሉ። ሥር እየራቀ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ድንጋይ ሲገጥመው ደግሞ ይጠፈጠፋል።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ዛፍ ሥሩ በሙሉ ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ነበር። ያየው ሁሉ «የመስኮት ፍርግርግ ነው?» እያለ ሳቀብኝ። አሁን ከግንዱ አጠገብ ባለ 16፣ መሃል ላይ 12፣ ጫፉ ጋ 8 እበይዳለሁ፤ ጫፉን በእሳት አቅልቼ በመዶሻ እጠፈጥፈዋለሁ።

ቅጠሉን መጀመሪያ በካርቶን ቁረጡት። ካርቶን ከሱቅ በነጻ ይገኛል፣ ላሜራ ግን ዋጋው አይቀመስም! ካርቶኑን አጥፋችሁ፣ ጠምዝዛችሁ፣ ዓይናችሁ ሲቀበለው 1 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ አስምሩ። ጅማቱን አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ አድርጋችሁ፣ ከጀርባው በኩል በደነዘዘ መሮ ምቱት።

የጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ሽፋኑ ዚንክ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ያተኩሳል። «ወተት ጠጣበት» የሚሏችሁን አትስሙ፣ ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባም። አፍና አፍንጫችሁ ላይ ማስክ አድርጋችሁ፣ የሚበየደውን ቦታ ደጅ ላይ በግራይንደር ግፈፉት።