1 ቴራባይት የተባለው ዲስክ 931 ሲል

ምልክት፦ አዲሱ የ1 ቴራባይት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ 931 ጊጋባይት ይላል። ባለ 500ው 465፣ ባለ 64ቱ ፍላሽ 59 ገደማ ይላሉ።

ምክንያት፦ የጎደለ ነገር የለም። አምራቹ በሺህ ስለሚቆጥር 1 ጊጋባይት ለእርሱ 1,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ግን በ1024 እያባዛ ስለሚሄድ 1,073,741,824 ባይት ሳይሞላ አንድ አይልም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ምህጻረ ቃል ይጽፋሉ፤ ጥፋቱ ይህ ነው! ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ለ1024ቱ አቆጣጠር ኪቢባይት፣ ሜቢባይትና ጊቢባይት የሚሉ ስሞችን አጽድቋል፤ በምህጻረ ቃላቸው መካከል ትንሿ አይ (i) ትገባለች። ዊንዶውስ ዛሬም አይጠቀምባቸውም።

ባሕር ዳር ውስጥ ጥር በገባ ቁጥር በዚህ ሰበብ ጸብ ይነሳል። የሰርግ ቪዲዮ አንሺዎች ዲስክ ይገዛሉ፤ ቁጥሩን ሲያዩ ሻጩን ሌባ ይሉታል። አንዱ የጎደለውን ለማስመለስ ብሎ ዲስኩን ደጋግሞ ፎርማት ካደረገ በኋላ ይዞልኝ መጣ። በላዩ ላይ ሐይቁ ዳር የተቀረጸ የሙሽሮች ቪዲዮ ነበረበት፤ ማትረፍ የተቻለው ከፊሉን ብቻ ነው። አንድ የፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪ ደግሞ በጓደኛው ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) 1000 ያሳየው ዲስክ በራሱ ዊንዶውስ 931 ሲል ቫይረስ በላው ብሎ ሰግቶ ነበር። ማክ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እንደ አምራቹ በሺህ ይቆጥራል።

መፍትሄ፦ ዲስኩን በቀኝ ጠቅታ ነክተው ፕሮፐርቲስን ይክፈቱና ከጊጋባይቱ ጎን ያለውን ረጅም የባይት ቁጥር ያንብቡ። አንድ ትሪሊዮን ገደማ ከሆነ ዲስኩ ምንም አልጎደለበትም። ለሌላ መጠን ካርቶኑ ላይ ያለውን ጊጋባይት በ0.931 ያባዙ። ፎርማት አያድርጉ! ፎርማት አንዲት ባይት አይጨምርም።

ከዚህ በጣም ያነሰ ካገኙ ዲስኩ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ፋይሎቹ የማይከፈቱ ከሆነ ግን ሐሰተኛ ዕቃ ይጠርጥሩ። በርካሽ የሚሸጥ የ2 ቴራባይት ፍላሽ ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ይዞ ኮምፒውተሩን ይዋሻል። ይህን የሚሸጥ ሰው የሰው ትዝታ እያጠፋ ነው። ባዶውን እስከ ጫፍ ሞልተው፣ መልሰው ሳያነቡ ብቸኛ ቅጂዎን በፍጹም አያስቀምጡበት።

«10 ሜጋ ኢንተርኔት ገዝቼ በሰከንድ 1.25 ብቻ ያወርዳል» ለሚሉ፦ ውሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቢ (b) ቢት ናት፤ ማውረጃው ላይ ያለችው ትልቋ ቢ (B) ባይት ናት፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ለስምንት ያካፍሉ።

ፍላሹ በቂ ባዶ ቦታ እያለው ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አልቀበልም ካለ አደረጃጀቱ ፋት 32 ነው፤ እዚህ ላይ ፎርማት ያስፈልጋል፤ ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጠው ትልልቅ ፋይል ወደሚቀበለው አደረጃጀት፣ ወደ ኤክስፋት ይቀይሩት።