የመሲሑን ትንቢት ስናነብ የምንሳሳተው የት የት ላይ ነው?

“እነሆ፥ ድንግል ትፀንሳለች” የሚለውን ኢሳይያስ 7፥14 በልደት ሰሞን የማይሰማ ክርስቲያን የለም። ጥቅሱን በቃሉ የሚወጣው ሁሉ ግን የይሁዳውን ንጉሥ አካዝን ያውቀዋል ማለት አይደለም። ቃሉን ከተነገረበት ዘመን ነቅሎ ማንበብ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይመስለኛል።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 735 ገደማ ነው። የሶርያው ረአሶንና የእስራኤሉ ፋቁሔ ተባብረው ኢየሩሳሌም ላይ ዘምተዋል፤ የአካዝና የሕዝቡ ልብ ነፋስ እንደሚያናውጠው የዱር ዛፍ ተናውጧል። ኢሳይያስ ልጁን አስከትሎ፣ በልብስ አጣቢው እርሻ መንገድ፣ በላይኛው ኩሬ መስኖ ጫፍ ሊያገኘው ወጣ። ምልክቱ የተሰጠው ለዚህ ለተሸበረ የዳዊት ቤት ነው። ሕፃኑ ክፉና ደጉን ሳይለይ የሁለቱ ነገሥታት አገር ባድማ ይሆናል ይላል ቁጥር 16፤ ደማስቆም በ732 በአሦር እጅ ወደቀች። ጥቅሱን ለኢየሱስ ልደት ያዋለው ወንጌላዊው ማቴዎስ ይህን ታሪክ አልሻረውም። ተስፋው ግን አካዝ ላይ አላበቃም፤ ምዕራፍ 9 በዳዊት ዙፋን ስለሚቀመጥ ሕፃን፣ ምዕራፍ 11 ከእሴይ ግንድ ስለሚወጣ በትር ይናገራል። ወንጌላዊው ዐማኑኤልን ኢየሱስ ላይ ያየው ከዚህ ሰፊ ተስፋ ተነሥቶ ነው።

ትንቢት ሁሉ የወደፊት ነገርን አስቀድሞ መናገር ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። “ልጄን ከግብፅ ጠራሁት” የሚለው ሆሴዕ 11፥1 ወደ ኋላ፣ ወደ ዘፀአት ያያል፤ ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ያ ልጅ፣ ማለትም እስራኤል፣ በኣሊም ለተባሉት ጣዖታት እንደሠዋ ይናገራል። ማቴዎስ ይህንን ሳያውቅ አልጠቀሰም። ኢየሱስ የእስራኤልን መንገድ ዳግም ሲሄድ እያሳየን ነው፦ ከግብፅ ይወጣል፣ ውኃ ውስጥ ያልፋል፣ በምድረ በዳ 40 ቀን ይፈተናል። ሕዝቡ በ40 ዓመት የወደቀበትን ፈተና እርሱ ከዘዳግም በጠቀሰው ቃል ድል አደረገው።

ግማሽ ጥቅስ ይዞ መሮጥም አለ። “እኔም አባት እሆነዋለሁ” የሚለውን 2ኛ ሳሙኤል 7፥14 ዕብራውያን 1፥5 ለክርስቶስ ያውለዋል። ያው ቁጥር ግን ልጁ ክፉ ቢያደርግ እንደሚገሠጽ ይቀጥላል፤ ይህ ሰሎሞንንና ተከታዮቹን የሚመለከት ነው። ሁለቱንም ማንበብ እምነታችንን አይጎዳም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን አይሁድ መከራ ስለሚቀበለው የእግዚአብሔር ባሪያ የሚናገረውን ኢሳይያስ 53ን እንደ እኛ ያልተረዱት በግትርነት ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው የመጻሕፍት ተርጓሚ ራሺ ባሪያውን እስራኤል ነው ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ 41፥8 እና 49፥3 እስራኤልን በግልጽ “ባሪያዬ” ይሉታል። ክርስቲያኑ ደግሞ 49፥6ን ያነሣል፦ ባሪያው ራሱ የያዕቆብን ነገዶች የሚያስነሣ ከሆነ፣ ስለ ሕዝቡ የሚቆም አንድ አካል አለ ማለት ነው። በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ሆኖ ይህንኑ ምዕራፍ ያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ነቢዩ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ የሚናገረው ብሎ ጠይቋል። ፊልጶስ በጥያቄው አልተቆጣም፤ ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት።

በመጨረሻም፣ ሁሉም ተፈጽሟል አንበል። ዘካርያስ 9፥9 በአህያ የሚመጣውን ትሑት ንጉሥ ያሳያል፤ ሆሣዕና ላይ አየነው። ቁጥር 10 ግን የሰልፍ ቀስት ይሰበራል፣ ለአሕዛብም ሰላም ይነገራል ይላል። አይሁዳዊ ወዳጃችን “ታዲያ ሰላሙ የት አለ?” ቢለን ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእኛም መልስ ዳግም ምጽአቱን እየጠበቅን መሆናችን ነው።