ለእናቶች ሹራብ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ ሴት ሹራብ ልትገዛ ሱቅ ስትገባ ሻጩ ቶሎ ብሎ የሚያወርድላት ትልቁን ነው። «ሰፋ ያለ ይሻልዎታል፤ ይሸፍናል» ይላታል። ልጇም ከውጭ ስትልክላት «እማዬ አሁን ወፍራ ይሆናል» ብላ ከልኳ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ትልካለች። ውጤቱን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየሰርጉ እናየዋለን፤ ትከሻው ክንድ ላይ የወረደ፣ እጅጌው ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ ከፊት ረዝሞ ከኋላ ያጠረ ሹራብ። ደም ግባቷ ያልጠፋ ሴት አሥር ዓመት ጨምራ ትታያለች።

«ይሸፍናል» ብሎ ትልቅ መግዛት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነውና ሰፋ ተደርጎ ይነገር። ሹራብ ሰውነት ላይ የሚቀመጠው በትከሻ ነው። የትከሻው ስፌት ማረፍ ያለበት የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ፣ ክንድ ቁልቁል መውረድ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ስፌቱ ከዚያ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ክንድ ሲወርድ የብብቱም ስፌት አብሮ ይወርዳል። ብብቱ የወረደ ሹራብ፣ ክንድ በተነሣ ቁጥር ሁለመናው ወደ ላይ ይጎተታል፤ ክንድ ሲወርድ ደግሞ የተረፈው ጨርቅ ጡት አጠገብ ተጣጥፎ ይቀራል። ከጡት ጫፍ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ስለሚንጠለጠልም ወገብ የሚባል ነገር አይታይም። ሆድ እንዲሸፍን የተገዛው ሹራብ መላ ሰውነትን በሆድ ልክ አሰፋው ማለት ነው።

መፍትሔው ሜትር ነው። መጀመሪያ ከአንዱ የትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ሌላው በጀርባ በኩል ይለኩ። ቀጥሎ ጡት በሚሞላበት ቦታ ዙሪያውን፣ ከዚያ ዳሌ በሚሰፋበት ቦታ ዙሪያውን። ሜትሩ ቆዳን ይንካ እንጂ አይጨምድድ። ከዚያ ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሳይለጥጡት ከብብት እስከ ብብት ለክተው በሁለት ያባዙ። ለብቻው የሚለበስ ስስ ሹራብ ከጡት ልክ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ በቂ ነው። በቀሚስ ላይ የሚደረብ፣ ከፊት የሚከፈት ከሆነ ከ10 እስከ 12 ይብለጥ። የጡቷ ዙሪያ 104 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት የምትደርበው ሹራብ 114 ወይም 116 ይሆናል፤ ተዘርግቶ ሲለካ 57 ወይም 58 ማለት ነው። ለዚችው ሴት 130 የሚሆነውን የሚያወርድ ሻጭ አልለካትም፤ በዓይኑ ገምቷታል።

ትከሻው ልክ ሆኖ ሆድ ላይ ጠባብ ቢሆንስ? ትከሻውን ሳይለቁ፣ ከብብት በታች ቀስ እያለ የሚሰፋውን ወይም ከሁለቱም ጎን ከታች ቅድ ያለውን ይፈልጉ። ክፍት ሹራብ ከሆነ የታችኞቹን ሁለት ቁልፎች ሳይቆልፉ መተው ይቻላል። «ትከሻውን ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ አስጠብበዋለሁ» ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ሹራብ እንደ ጨርቅ አይቆረጥም፤ መቀስ ከነካው ይተረተራል፤ እሱን የሚያስተካክል ማሽንና እጅ ያለው ሰፊ በየሰፈሩ አይገኝም።

ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አይመኑ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ኤክስ ኤልና ለእስያ ገበያ የተሠራ ኤክስ ኤል እኩል አይደሉም፤ የኋለኛው በአንድ፣ አንዳንዴም በሁለት ቁጥር ያንሳል።

ጫፉ የት እንደሚያርፍ አለማየት

የሹራብ ጫፍ ሰውነት ላይ የተሰመረ መስመር ነው። መስመሩ ዳሌ በሚሰፋበት ቦታ ላይ ካረፈ የሚያየው ሰው ዓይን እዚያው ይቆማል። ጫፉ እንደ ላስቲክ የሚጨመድድ ሲሆን ይብሳል፤ ከላዩ ያለውን ጨርቅ እንደ ከረጢት ያንጠለጥለዋል። በሐበሻ ቀሚስ ወይም ከታች ሰፋ ባለ ቀሚስ ላይ የሚደረብ ሹራብ ከወገብ ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት አናት ላይ ያብቃ። በሱሪ ወይም በቀጥ ያለ ጉርድ የሚለበስ ደግሞ መቀመጫን ሸፍኖ ይለፍ። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ለማንም አያምርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው የጀርባ ነገር አለ። ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጀርባ ጥቂት ይጎብጣል፤ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ አጥንት ስለሚሳሳ በብዙ ሴቶች ላይ የሚታይ ነው። የጎበጠ ጀርባ የሹራቡን የኋላ ክፍል ወደ ላይ ይስበዋል፤ ፊቱ ይወርዳል፤ አንገቱም ወደ ኋላ እየሸሸ ጉሮሮን ያንቃል። ስለዚህ ሹራቡ ሲሞከር ፊት ለፊት ቆሞ መስተዋት ማየት አይበቃም። በጎን ቆመው የታችኛው ጫፍ ከወለሉ ጋር እኩል መሄዱን ይዩ። ከኋላ ከፍ ካለ፣ የኋላው ከፊቱ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ረዝሞ የተሠራ ሹራብ ይጠይቁ። እንዲህ ያሉ በገበያው አሉ፤ ደንበኞች «የተበላሸ ነው» እያሉ ነው የሚመልሷቸው።

አንገትን መዝጋት

አንገትን እስከ አገጭ የሚሸፍን ወፍራም ሹራብ በእኛ እናቶች ላይ ሁለት ጣጣ አለበት። አንደኛው ነጠላ ነው። ነጠላ የምትከናነብ ሴት አንገቷ ላይ ቀድሞውኑ ሁለት ሦስት የጨርቅ ንብርብር አለ፤ ከሥሩ ሌላ ጥቅል ሲጨመር አንገት ይጠፋል፤ ፊት ትከሻ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሁለተኛው ከወር አበባ መቋረጥ ጋር የሚመጣው ድንገተኛ ሙቀት ነው። ሰው መካከል ተቀምጣ ላብ ሲያጠምቃት አንገቷን የምትከፍትበት መላ የላትም። ከአንገት ሥር ካለው ጉድጓድ ስምንት ወይም አሥር ሴንቲ ሜትር ወርዶ በቪ ቅርጽ የሚከፈት ሹራብ አንገትን ያስረዝማል፣ ማተቡንና የአንገት ጌጡን ያሳያል፣ ሲበርድም ነጠላው ይሞላዋል።

የሐበሻ ቀሚስ ላይ ፊቱ ድፍን የሆነ ሹራብ ማጥለቅ ደግሞ ያሳዝናል። የቀሚሱ ጥበብ ከደረት ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ስንት የተደከመበትና የተከፈለበት ሥራ ሹራብ ሥር ይቀበራል። ለሐበሻ ልብስ ሁልጊዜ ክፍት ሹራብ።

በራስ የሚጠለቅ ሹራብ ለታመመ ትከሻ መስጠት

ትከሻዋ የደረቀባት፣ ጣቶቿን ቁርጥማት የያዛት እናት ክንዷን ከራሷ በላይ አንሥታ ሹራብ ማጥለቅ ትቸገራለች። አትናገርም፤ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ለእሷ የሚሆነው ክፍት ሹራብ ነው፤ ቁልፎቹ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ቀዳዳዎቹም የማይታገሉ ይሁኑ። ሱቅ ውስጥ በአንድ እጅ ብቻ ቆልፈው ይሞክሩት። ዚፕ ከሆነ መሳቢያው ላይ ክር ወይም ቀለበት ማሰር ቀላል ነው።



አንድ ወፍራም ሹራብ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከ20 ያልፋል። ለሌሊቱ ተብሎ የተገዛ ወፍራም ሹራብ አራት ሰዓት ላይ ክንድ ላይ የሚንጠለጠል ሸክም ነው። በጉንጉን የተሠራ ወፍራም ሹራብ በዚያ ላይ ጡትንና ክንድን ያገዝፋል። ሁለት ስስ ሹራቦች፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ክፍት ሆኖ ከላይ፣ የበለጠ ያሞቃሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው። ሌሊት ለቅዳሴ ጋቢ ለሚደርቡ እናቶች አንዱ ስስ ሹራብ ራሱ ይበቃል።

ክሩን ሳያውቁ መግዛት

«ሱፍ ይኮሰኩሳል» የሚሉ እናቶች የሚያስቡት የበርኖስና የባናን ሱፍ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ለዚያ ሥራ ተስማሚነቱም ለዚህ ነው። የክሩ ውፍረት ከ20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች የሆነ፣ ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የሚገኝ ሱፍ ግን ቆዳን አይኮሰኩስም። ሱፍ ከክብደቱ ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ እርጥብ ሳይመስል ይቆያል፤ ስለዚህ ላብ ለሚያስቸግራቸው ይስማማል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን ላብ አይመጥም፣ በጥቂት ወራትም ብብቱና ጎኑ ላይ ትንንሽ የክር ኳሶች ያወጣል።

ዋናው ጉዳይ እሳት ነው። ከሰል ላይ ጎንበስ ብላ ቡና የምታፈላ፣ እጣን የምታጤስ ሴት አክሪሊክ ሹራብ ለብሳ ሰፊ እጅጌ ማንጠልጠል የለባትም። አክሪሊክ እሳት ሲነካው ይቀጣጠላል፤ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ በቀላሉ አይያያዝም፤ ከተያያዘም እሳቱ ሲርቅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። መለያ ወረቀቱ የተቆረጠ ሹራብ ከሆነ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዝዘው በወረንጦ ይዘው ሸክላ ሳህን ላይ ያቃጥሉት። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲፈጭ ይደቅቃል። አክሪሊክ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይተዋል፤ እስኪበርድ በጣት አይንኩት።

ሞሄር (የፍየል ጸጉር) እና አንጎራ (የጥንቸል ጸጉር) ለስላሳ ናቸው፤ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለሚለብሱ ግን አይመከሩም። ጥቁር ሰማያዊ የሞሄር ሹራብ አንድ ቀን ከተለበሰ ነጠላው ላይ የሚቀረውን ጸጉር መልቀም ሌላ ቀን ይፈጃል። የሚያብረቀርቅ ክር፣ ዶቃና ሹል ቁልፍም የነጠላን ክር እየሳቡ ያበላሻሉ።

ቀለም

ለእናት ጥቁር ሹራብ በስጦታ አይላክም። ጥቁር የሐዘን ልብስ ነው፤ ሐዘን ላይ ያልሆነች እናት ጥቁር ለብሳ ስትወጣ ጎረቤት «ምነው፣ ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም ሟርት ይሆንብኛል ብላ ትፈራለች። ከዚያም ሌላ ጥቁር ፊት አጠገብ ሲሆን ከዓይን ሥር ያለውን ጥላ ያጎላዋል። አመድማና የደበዘዘ ቡኒም ሽበት ላላት ሴት ፊቷን ያጠወልጋሉ። ለጠይም ፊት ወይን ጠጅ፣ ጥልቅ ሰማያዊ፣ የሰናፍጭ ቢጫ፣ የቅጠል አረንጓዴ ያበራሉ። ቀለሙን ከሱቁ አምፖል ሥር አይወስኑ፤ ደጅ ወጥተው በቀን ብርሃን አገጭ ሥር ይያዙትና ፊትን ይመልከቱ፣ ሹራቡን ሳይሆን።

እጅጌ

እጅጌው የእጅ አንጓ አጥንት ላይ ያብቃ። በእጅ ስለምንበላ ለመታጠብ ሲሰበሰብ ክርን ድረስ ወጥቶ እዚያው መቆየት አለበት፤ ተመልሶ የሚወርድ እጅጌ ወጥ ውስጥ ይነከራል።

ሰልባጅ ላይ

ጥሩ ሱፍ በርካሽ የሚገኘው ሰልባጅ ውስጥ ነው፤ ግን ሳይመረመር አይገዛም። ሹራቡን ገልብጠው ወደ ብርሃን ይያዙት። የብል ቀዳዳ መርፌ የወጋው ያህል ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ይተልቃል። ክርኑ የሳሳ፣ ብብቱ የሸተተ ይተው። የእጅጌውን ጫፍ ለጥጠው ይልቀቁት፤ ካልተመለሰ ክሩ ሞቷል። ጨርቁ ወፍሮ፣ ደድሮ፣ የክሩ ቀለበቶች የማይታዩ ከሆነ ደግሞ በሙቅ ውኃ ተጨማድዶ ያለቀ ነው፤ ምንም አይመልሰውም።

ማጠብ

ሱፍ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ ከ30 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ በለስላሳ ሳሙና በእጅ ቀስ ተብሎ እየተጫነ ይታጠባል፤ አይታሽም፣ ተጠምዝዞ አይጨመቅም። በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ካስወጡ በኋላ ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያድርቁት። ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ ሹራብ በራሱ ክብደት ይረዝማል፤ ትከሻውም ላይ የመቆንጠጫ ጉብታ ይቀራል። አክሪሊክን በጋለ ካውያ መተኮስ ጨርሶ አይሆንም፤ አንዴ ከተኛ አይነሣም።

ከውጭ ለሚልኩ

እናትን «ስንት ቁጥር ነሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ «አንቺ የላክሽው ሁሉ ይሆነኛል» ነው መልሱ። ከአገር ስትወጡ የምታስታውሱትም ሰውነት ዛሬ የለም፤ ትከሻ ጠቧል፣ ጀርባ ጎብጧል። አዘውትራ የምትለብሰውን፣ የምትወደውን አሮጌ ሹራብ አልጋ ላይ እንዲዘረጉትና በሜትር እንዲለኩት እህት ወይም ጎረቤት ይጠይቁ። አምስት ልክ ይበቃል፦ ትከሻ ከስፌት እስከ ስፌት፣ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ ስፌት እስከ እጅጌ ጫፍ፣ ከፊት ከአንገት ሥር እስከ ታች፣ ከኋላም እንዲሁ። ሜትር ከሌለ ክር ዘርግተው ቋጠሮ ያድርጉበት፤ ክሩን ከታወቀ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ 29.7 ሴንቲ ሜትር ከሚረዝም የኤ4 ወረቀት ጋር አጠገብ ለአጠገብ ፎቶ አንሥተው ይላኩ።