በኅዳር የሚያስገመግም፣ በመጋቢት የሚጠፋ ጅረት፦ ለአነስተኛ የውሃ ኃይል የፍሰት ግምት ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ ውሃ እጥረት ማሰብ ይከብዳል። ጣና የክረምቱን ዝናብ ተቀብሎ ለበጋ የሚያቆይ ጎተራ ነው። ሐይቁ ከፍ የሚለው ዝናቡ ጋብ ሲል በመስከረም ነው፤ ዝቅ የሚለውም ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጢስ ዓባይ ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ መብራት መስጠት የቻለው ከጀርባው ይህ ጎተራ ስላለ ነው። ከጉና ተራራ ወገብ ወደ ርብና ወደ ጉማራ፣ ከሰከላ ደጋ ወደ ግልገል ዓባይ የሚወርዱት ትናንሽ ጅረቶች ግን ጎተራ የላቸውም። በሐምሌ ድንጋይ ያንከባልላሉ፣ በመጋቢት ግልገል ፍየል ትዘላቸዋለች። የመብራት መስመር ያልደረሰባቸው ጎጦች ተርባይን፣ ማለትም ውሃ እያሽከረከረው መብራት የሚያመነጭ ማሽን፣ የሚተክሉት በእነዚህ ላይ ነው። ከሽፈው ካየኋቸው ሥራዎች የሚበዙት የከሸፉት ማሽኑ ተበላሽቶ ሳይሆን ውሃው በስሕተት ተገምቶ ነው። ቀጥለው የተዘረዘሩትን ምልክቶች ወይ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ ወይ ራሴ አጥፍቼ ተምሬባቸዋለሁ።

ምልክት 1፦ መብራቱ እስከ ገና ደህና ነበር፣ ከጥምቀት ወዲህ ደበዘዘ፣ በዐቢይ ጾም ጠፋ

መንስኤው በአብዛኛው አንድ ነው፤ ውሃው የተለካው በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው። መንገዱ የሚደርቀው፣ ባለሙያው ወደ ገጠር የሚወጣው፣ አዝመራውም የሚሰበሰበው ያን ጊዜ ስለሆነ ልኬቱ እዚያ ላይ ይወድቃል። በዚያ ወቅት ጅረቱ ገና የክረምቱን ስንቅ እየበላ ነው።

እኔም ይህን አድርጌያለሁ። በጉና ግርጌ በምትገኝ አንዲት ጎጥ ኅዳር 30 ቀን ለክቼ በሰከንድ 60 ሊትር አገኘሁ። የውሃው መውደቂያ ከፍታ 20 ሜትር ነበር። በትናንሽ ማሽኖች የሚባክነውን ቀንሰን ስንቆጥረው ይህ ወደ 6 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ለሰማንያ ቤት መብራትና ለአንዲት ማቀዝቀዣ ይበቃል ብዬ ተናገርኩ። በመጋቢት ማብቂያ ስመለስ ጅረቱ 15 ሊትር ብቻ ነበር፤ ኃይሉም ወደ 1.5 ኪሎ ዋት ወርዷል። እንስራዋን ከጅረቱ ዳር ያስቀመጠች አንዲት እናት ውሃው በጾም ጊዜ ሁልጊዜም እንደሚተኛ፣ ይህንንም ማንም እንዳልጠየቃቸው ነገረችኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መፍትሄው፦ የተርባይኑ መጠን የሚወሰንበት ልኬት ከየካቲት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ባለው ጊዜ ይወሰድ። የበልግ ዝናብ ጣል ካደረገ ቢያንስ ሳምንት ይጠበቅ። እስከዚያ መቆየት የማይቻል ከሆነ ዝናብ በሌለበት ጊዜ ሁለት ልኬት ይወሰድና የመቀነሻው ፍጥነት ይታይ። ዝናብ የሌለበት ጅረት በእኩል መጠን ሳይሆን በእኩል እጅ ነው የሚቀንሰው። ኅዳር 30 ቀን 60 ሊትር፣ ጥር 30 ቀን 30 ሊትር ከሆነ በሁለት ወር በግማሽ ወርዷል ማለት ነው፤ ስለዚህ መጋቢት 30 ቀን 15 ሊትር ይጠበቃል እንጂ ዜሮ አይሆንም፣ 30ም አይቆይም። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ቀን መሆኑ ለዚህ ስሌት እጅግ ይመቻል። በኅዳር ለክቼ በጥር ብመለስ ኖሮ ያችን እናት ባላሳዘንኳት ነበር።

ምልክት 2፦ እሑድና በማርያም ቀን መብራቱ ይደምቃል፣ በሥራ ቀን ይዳከማል

ይህን ምልክት በደንብ እንየው፤ ብዙ ጊዜ ጄኔሬተሩ ላይ ይሳበባል፣ ሰው ሽቦ ሲፈታና ሲያስር ይከርማል። እኔ ያወቅሁት ከአንድ ተማሪ ደብተር ነው። ልጁ በየምሽቱ የቮልት መለኪያውን ቁጥር ይጽፍ ነበር። ደብተሩን ስናገላብጥ ከፍ ያሉት ቁጥሮች በ12፣ በ21፣ በ29 እና በእሑዶች ላይ ተደርድረው አገኘናቸው። ማሽን ሚካኤልን አያውቅም፤ ገበሬ ግን ያውቃል።

መንስኤው፦ ከጠለፋው፣ ማለትም ውሃው ከጅረቱ ወደ ተርባይኑ ከሚዞርበት ቦታ፣ በላይ ሰዎች ውሃውን ለመስኖ ይወስዱታል። ከኅዳር ጀምሮ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ጌሾው ውሃ ይፈልጋል። በበዓላትና በሰንበት መሬት ስለማይነካ ቦዩ ይዘጋል፣ ውሃው ወደ ጅረቱ ይመለሳል፣ መብራቱም ይደምቃል። እሑድ ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ልኬት ደግሞ ባለሙያውን ያታልለዋል፤ ያየው ውሃ በሥራ ቀን የለም።

መፍትሄው ከውሃ አባቱ ይጀምራል። የመስኖ ተራ የሚያዘው እርሱ ነው፤ የትኛው ቦይ በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት እንደሚከፈት ያውቀዋል። አብሮት ከጠለፋው ተነሥቶ እስከ ምንጩ በእግር መውጣት፣ እያንዳንዱን ቦይ መቁጠር፣ እያንዳንዱንም መለካት ያስፈልጋል። በዚህ ጉዞ ላይ የማይቀር ሌላ ነገር ጠበል ነው። ጠበል ካለ ከእርሱ በላይ ጠለፋ ለመሥራት ማሰብ አይገባም፤ የከብት ማጠጫውም እንዲሁ መጠኑ ተለክቶ ይተውለት።

ሕዝቡ እንዲረዳው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ተርባይን ውሃ አይጠጣም፤ የወሰደውን በሙሉ ከታች ይመልሳል። የሚጣላው ከጠለፋው በላይ ካለው መስኖና በጠለፋውና በማሽን ቤቱ መካከል ካለው ማሳ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ የማሽን ቤቱን ከመስኖው ቦይ አፍ በላይ ማስቀመጥ ከተቻለ ጠቡ ከነአካቴው ይቀራል። ካልተቻለ ቀኑን ለመስኖ፣ ምሽቱን ለመብራት ማድረግ ነው።

ምሽቱንም ለማጠናከር ኩሬ ይረዳል። ጅረቱ 15 ሊትር እየሰጠ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት 30 ሊትር ያስፈልጋል እንበል። የሚጎድለው በሰከንድ 15 ሊትር ነው፤ አራት ሰዓት 14,400 ሰከንድ ነው፤ ሲባዛ 216,000 ሊትር፣ ማለትም 216 ሜትር ኩብ ይሆናል። በጎኖቹ 12 በ12 ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ኩሬ ይይዘዋል። የመስኖ ተራው ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ከተዘጋ ያ ኩሬ በ15 ሊትር በአራት ሰዓት ይሞላል። ይህን በወረቀት ይዞ የውሃ አባቱን መነጋገር ይቀላል፤ የሚጠየቀው «ውሃውን ልቀቁልን» ሳይሆን «ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ልቀቁልን» ይሆናልና።

ምልክት 3፦ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጅረት ላይ ሁለት ሰው ሁለት የተራራቀ ቁጥር አገኘ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ልኬት ነው። ሎሚ ውሃ ላይ ጥሎ በሰዓት መቁጠር ጥሩ መነሻ ነው፤ ሎሚ አብዛኛው አካሉ ስለሚሰጥም ነፋስ እንደ ቅጠል አይገፋውም። ነገር ግን ሎሚው የሚያሳየው የላይኛውንና የመካከሉን ውሃ ፍጥነት ነው። ከሥርና ከዳር ያለው ውሃ ድንጋይ እየታከከ ስለሚሄድ ይዘገያል። ጅረቱ 1.2 ሜትር ስፋት፣ በአማካይ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና ሎሚው 10 ሜትር በ25 ሰከንድ ቢሄድ፣ ስሌቱ በሰከንድ 72 ሊትር ይሰጣል። ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ ጅረት ላይ ግን ይህ በ0.65 ገደማ ሊባዛ ይገባል፤ እውነቱ ወደ 47 ሊትር ነው። ማባዛቱን የረሳውና ያልረሳው ሰው ናቸው የተጣሉት።

መፍትሄው ላሜራ ነው። በበጋ ለሚቀንስ ውሃ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ከላሜራው ላይኛ ጠርዝ ቀጥ ያለ፣ 90 ዲግሪ የሆነ የሦስት ማዕዘን አፍ ይቆረጥና ጅረቱን አቋርጦ ይተከላል። ዙሪያው በጭቃና በአሮጌ ጆንያ ይደፈናል፤ ውሃ በሌላ በኩል ካመለጠ ልኬቱ ከንቱ ነው። ከአፉ አንድ ሜትር ያህል ወደ ላይ ችካል ይተከልና ውሃው ከአፉ የታችኛው ጫፍ በላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቆመ ይነበባል። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሰከንድ 4.4 ሊትር፣ 15 ከሆነ 12 ሊትር፣ 20 ከሆነ 25 ሊትር፣ 30 ከሆነ 68 ሊትር ይፈሳል። ልብ ይበሉ፤ ከፍታው በእጥፍ ሲጨምር ውሃው በእጥፍ አይጨምርም፣ ከአምስት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ሴንቲ ሜትር የንባብ ስሕተት ቀላል አይደለም። ውሃው ከላሜራው ተላቆ፣ ከሥሩ አየር እያስገባ መውደቅ አለበት፤ ላሜራውን ተለጥፎ የሚወርድ ከሆነ ጠርዙ ይሞረድ።

ለምንጭ ውሃ 20 ሊትር ጄሪካንና ሰዓት ይበቃል። አምስት ጊዜ ሞልቶ አማካዩን መውሰድ ነው።

ምልክት 4፦ ከትልቁ ወንዝ መረጃ ተነሥቶ የተገመተው ቁጥር ከቦታው ውሃ ጋር አይገናኝም

በትላልቆቹ ወንዞች ላይ የፍሰት መለኪያ ጣቢያዎች አሉ። ለምሳሌ በመራዊ አቅራቢያ ያለው የግልገል ዓባይ ጣቢያ የ1,664 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ውሃ ይለካል። የተለመደው መንገድ የራስን ጅረት ተፋሰስ ለዚያ ማካፈልና የወንዙን ፍሰት በዚያው ማባዛት ነው። ይህ የሚያስኬደው ሁለቱ ተፋሰሶች በስፋትም፣ በዝናብም፣ በአፈርም ሲቀራረቡ ነው። የስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ጅረት ከትልቁ ወንዝ ተፋሰስ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የበጋ ውሃውን የሚወስነው አንድ ምንጭ ወይም አንድ ረግረግ ሊሆን ይችላል። የባሰው ደግሞ ዓመታዊውን አማካይ መውሰድ ነው። ባሕር ዳር ላይ በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ እጅግ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ አማካዩ በበጋው ወራት በጅረቱ ላይ የማይታይ ቁጥር ነው።

የጣቢያው መረጃ አይጣል፤ ቅርጹን እንጂ መጠኑን አንዋሰው። በራስ ጅረት ላይ በላሜራ አራት አምስት ልኬት ወስዶ፣ በዚያው ቀን ወንዙ ስንት እንደነበረ ጠይቆ ማስተያየት ነው። ወንዙ ከጥር ወደ መጋቢት በግማሽ ሲወርድ የእርስዎ ጅረት በሩብ ብቻ ከወረደ፣ ጥሩ ምንጭ አለዎት ማለት ነው።

ምልክት 5፦ በነሐሴ ውሃው ሞልቶ ማሽኑ ቆመ

ይህ የፍሰት እጥረት አይደለም። ደለሉና የባሕር ዛፍ ቅጠሉ መግቢያውን ደፍኖታል፣ ወይም ጅረቱ ከማሽን ቤቱ በታች ስለሞላ መውደቂያው ከፍታ አጥሯል። ጎርፍ የሚደርስበትን ቦታ በዓይን መገመት አይገባም። ሽማግሌዎችን ውሃው የት ዛፍ፣ የት ቋጥኝ እንደደረሰ ጠይቆ፣ ከዚያ በላይ ማሽን ቤቱን መሥራት ነው። የመግቢያው ወንፊትና የደለል ማስቀመጫው በክረምት በየቀኑ ይጠረግ።

ምልክት 6፦ ውሃው እንደተገመተው ነው፣ ኪሎ ዋቱ ግን የለም

በአብዛኛው ጠባብ ቱቦ ነው፤ ውሃው ከቱቦው ግድግዳ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ከፍታውን ይበላዋል። ፓምፕ ውሃ በተገላቢጦሽ እንዲያልፍበት ተደርጎ እንደ ተርባይን ከተተከለ ደግሞ ውሃው ከተመደበለት ትንሽ ሲጎድል ኃይሉ በጣም ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ማሽን ለበጋው ውሃ ብቻ መምረጥ ይሻላል።

ምልክት 7፦ ሁለት ዓመት ሠርቶ በሦስተኛው ዓመት ተቋረጠ

ልኬቱ በትክክለኛው ወር፣ በትክክለኛው መሣሪያ ተወስዷል፤ ዓመቱ ግን የጥጋብ ዓመት ነበር። መፍትሄው የሰው ትዝታን ከዝናብ መዝገብ ጋር ማጋጠም ነው። «ድርቅ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም፤ የታወቀ ዓመት ጠርቶ መጠየቅ ነው። በ1995 ዓ.ም ጣና እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። በዚያ ዓመት ይህ ምንጭ ደርቆ ነበር? ሴቶች ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? ከብት የት ይወርድ ነበር? ቀጂዎች የሚሰጡት መልስ ከወንዶቹ መልስ የበለጠ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሩቅ የሄዱበትን ዓመት እግራቸው ያስታውሰዋል። ቀጥሎ ከሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የቅርቡን ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ወስዶ፣ የለኩበት ዓመት ክረምት ከሌሎቹ በላይ ወይም በታች መሆኑን ማየት ነው። በላይ ከሆነ ከለኩት ላይ ቀንሱ።

ላሜራውንም አይንቀሉት። ሥራው ካለቀ በኋላ እዚያው ይቆይና ከአጥቢያው ልጆች አንዱ በየሳምንቱ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ችካሉን አንብቦ ይጻፍ። ቀኑ የሥራ ቀን ይሁን፤ ረቡዕ ጠዋት ጥሩ ነው። ጎርፍ ላሜራውን እንዳይወስደው በሰኔ ተነቅሎ በመስከረም ማብቂያ ይመለስ፤ በመሐል ያሉት ሳምንታት ውሃው የተትረፈረፈባቸው ስለሆኑ «ሙሉ» ተብለው ይመዝገቡ። በዓመቱ መጨረሻ 52 ቁጥሮች ይኖራሉ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደርደሩ። ከታች ሦስተኛው ቁጥር ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉን ጊዜ የሚገኘው ውሃ ነው። ከእርሱ ላይ ለከብቱ፣ ለጠበሉና ከታች ላሉት የሚተወውን ቀንሰው፣ ተርባይኑን በቀረው ይዘዙ።