የቤተሰብ ፎቶና ፊልም ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ከማስረከብዎ በፊት

ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉ ቦታዎች የቆዩ ፎቶግራፎችን ያስቀምጣሉ። ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ሣጥኑን ያውቁበታል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ግን የሚነግራቸው የለም። ስለዚህ ከቤት የሚጠበቀው ዋና ሥራ መጻፍ እንጂ ማጽዳት አይደለም።

በበጋ ይጀምሩ። በክረምት እርጥበት የፎቶው ገጽ ለስልሶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እጅዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ቅባት አይቀቡ። ኔጋቲቭ በጠርዙ ብቻ ይያዛል።

አልበሙን ከመበተንዎ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ያንሱ፤ ስም የሌለው ፎቶ ብዙ ጊዜ በጎረቤቱ ይታወቃል። ሙጫ ባለው ገጽ ላይ የተጣበቀውን በቢላ አይፈልቅቁ። ሰም የሌለው የጥርስ ክር በጥጉ አስገብተው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያሉ ይሳቡት። እምቢ ካለ ይተዉት። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀውን ጨርሶ አይንኩ፤ ከነመስታወቱ ስካን ይደረጋል። የተቀደደውንም በፕላስተር አይጠግኑ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ ቀለሙ ያልፋል፣ ጫናውም በፊት በኩል ይታያል። ለስላሳ እርሳስ ይዘው ጠርዙ ላይ ቁጥር ብቻ ያድርጉ (ሀ-1፣ ሀ-2...)። እርሳስ የማይቀበለውን አዲስ ዓይነት ወረቀት በወረቀት ፖስታ ከተው ቁጥሩን ፖስታው ላይ ይጻፉ። ዝርዝሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል፦ ከግራ ወደ ቀኝ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ቦታው፣ ምክንያቱ፣ የነገረዎት ሰው። «ጋሼ» እና «እታባ» ለቤተሰብ እንጂ ለተመራማሪ ስም አይደሉም።

ዋናው ወጥመድ ዘመኑ ነው። ከጀርባው «ለማስታወሻ፣ ጎንደር፣ 12/3/58» የሚል ፎቶ አለ እንበል። በኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1958 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1965። ውጭ አገር ያለ ባለሙያ ግን ማርች 12 ቀን 1958 ብሎ ቢመዘግበው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ይሳሳታል። ጽሑፉን እንዳለ ይገልብጡና አጠገቡ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ያስፍሩ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ካለም ይገልብጡት፤ ዘመን ለመገመት እሱን የሚያህል የለም።

ስካን ሲያደርጉ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በቀለም (ጥቁርና ነጩም ቢሆን)፣ በቲፍ (TIFF) ፋይል፣ ፊትና ጀርባውን። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ 25 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል። «አሳምር» የሚሉትን ቁልፎች ያጥፉ። በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» ብለው ይላኩ፤ በፎቶነት ከላኩት ይጨመቃል።

ፊልሙ ላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ በፕሮጀክተር አይሞክሩት። ያረጀ ፊልም ይኮማተራል፤ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ማጠሩ ብቻ ቀዳዳዎቹ ከጥርሱ ጋር እንዳይገጥሙ ስለሚበቃ ማሽኑ ይቀደዋል። ስፋቱን በማስመሪያ ይለኩ። 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳውን ይዩ፦ ትልቅና በሁለት ምስሎች መካከል ከሆነ የቀድሞው ዓይነት፣ ትንሽና በምስሉ አጋማሽ ትይዩ ከሆነ በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው ሱፐር 8 ነው። የሱፐር 8 አንድ ጥቅል 15 ሜትር፣ በሴኮንድ 18 ምስል ሲሄድ 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ነው። 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» (SAFETY) የሚል ካላዩበት በቀላሉ የሚቀጣጠል ናይትሬት ሊሆን ይችላልና ከእሳትና ከሙቀት አርቀው ባለሙያ ይጥሩ።

ቆርቆሮውን ሲከፍቱ አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል። ጋዙ ጎረቤቱንም ስለሚያበላሽ ከሌሎቹ ይለዩት፤ ክዳኑን አያጥብቁ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያኑሩት፣ ከሁሉ አስቀድመው እሱን ያስረክቡ።

የሠርግ ቪኤችኤስ ካሴት ካለ በጀርባው ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ይስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስህተት አይቀዳበትም።

ሲያስረክቡ የስጦታ ውል ይጠይቁ። ማን ያያል፣ ማን ያትማል፣ ለስንት ዓመት ዝግ ይሆናል የሚለው በጽሑፍ ይስፈር፤ ዲጂታል ቅጂው ለቤተሰቡ እንደሚሰጥና በማን ወጪ እንደሚሠራም እንዲሁ።